ጦስኝ የማይፈላበት ሰፈር

በዚያ ሰፈር ጦስኝ አይፈላም። ቀበሌው አልከለከለም፤ ሼሁም ቄሱም አላወገዙትም። ከደሴ በላይ፣ ጦሳ ተራራ ላይ፣ ዛሬም እንደ ድሮው በየድንጋዩ ሥር ይበቅላል፤ የሌላ ሰፈር ሴቶች እየለቀሙ በፌስታል ይዘውት ይወርዳሉ። የዚህ ሰፈር ሰው ግን ሻዩ ላይ ቀረፋ ይጨምራል፣ ቅርንፉድ ይጨምራል፣ ጦስኝ አይጨምርም። ለምን ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ «አንወደውም» ብለውት ወሬ ይለውጣሉ። ደሴ ተወልዶ፣ በዚያ ብርድና ጉም አድጎ ጦስኝ የማይወድ ሰው ከተገኘ ጉድ ነው። ጉድም ግን ሲቆይ ይለመዳል።

ይማም እንድሪስም ጦስኝ አይወድም ነበር።

ይማም የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድና ሲወጣ ጸጉሩ ሸብቷል። አውቶቡሶቹ ራሳቸውን በራሳቸው መንዳት ከጀመሩ ቆይተዋል። የደሴ ሰው ግን ጉም በወረደ ቀን መሪው ላይ ሰው ካላየ አይሳፈርም፤ ስለዚህ ይማም መሪውን ጨብጦ ይቀመጣል። አውቶቡሱ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «ተሳፋሪዎች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ» ባለ ቁጥር ይማም ፈገግ ይላል። ለምን ፈገግ እንደሚል አያውቅም።

ቁልቁለቱ ወገብ ላይ አንድ ኩርባ አለ። እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስታውሳል። ሴት ልጁ ሚነወር የሞተችው እዚህ ነው፤ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ጉም ውስጥ መንገድ ስቶ ገደል ገብቶ። ይህን የሚያስታውሰው «ኩርባ አለ፣ ፍጥነት ቀንስ» የሚለውን ምልክት በሚያነብበት ልብ ነው። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያልፋል፣ ከዚያ ስለ ምሳው ያስባል።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ተላቅቆ ነው።

ማላቀቅ የተጀመረው በሹፌሮች ነበር። አደጋ ያየ ሹፌር ያው ቦታ ሲደርስ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሹፌር ደግሞ ሌላ አደጋ ያመጣል። ጤና ጣቢያ ወስደው ትንሽ አስተኙት፤ ሲነሳ እጁ ጸጥ አለ። ከሹፌሮች ቀጥሎ ፖሊሶች፣ ከፖሊሶች ቀጥሎ ነርሶች፣ ከነርሶች ቀጥሎ ልጅ የሞተባቸው እናቶች። በመጨረሻ ነገሩ ቅሬው ዘንድ ደረሰ። ቅሬ ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን አብሮ የሚያነሳበት፣ ሐዘኑን አብሮ የሚቀመጥበት የሰፈር ማኅበር ነው። ድንኳንና ወንበር ሲያከራይ የኖረው ቅሬ ማላቀቅንም ከአገልግሎቱ ጨመረ፤ በአርባኛው ቀን የሟቹ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ በአንድ ክፍል ተደርድሮ ይተኛል፣ ቀሎት ይነሳል። ምንም ነገር አይጠፋበትም። የሟቹን ስም ያውቃል፣ ፎቶውን ቢያሳዩት ይለያል፣ መቃብሩን ሳይሳሳት ያገኛል። ስሙና ፊቱ፣ ፊቱና ድምፁ፣ ድምፁና የሐዘንተኛው ልብ ብቻ እርስ በርስ መጠራራት ይተዋሉ።

ቅሬ ግን ቅሬ ነውና ነውር ይፈራል። ሰው ሞቶ የሚያለቅስለት አንድ ዓይን ሲጠፋ ያሳፍራል። ስለዚህ ደንብ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ሰው ሳይላቀቅ ይቅር ተባለ። ማኅበሩ ገንዘብ ያዥ እንዳለው ሁሉ ሐዘን ያዥም ኖረው። የቀረው ሰው በዓመት አንዴ ያዡ ቤት ይሄዳል፣ ስለ ሟቹ ሲወራ ይሰማል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ንፍሮውን ቆርጥሞ ይመለሳል። ሁሉም ሰው ደንቡን ወደደው። ያዦቹን የጠየቀ የለም።

የሚነወር ያዥ እናቷ መዲና ነበረች። እኔ ልሁን ብላ ራሷ ነው የተነሳችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ዜና ይሰማል። ይማም ሚስቱን ይወዳታል፤ ስታለቅስ መሐረብ ያቀብላታል፣ ጠብቆ መልሶ ይቀበላታል። ለቅሶው ግን የጎረቤት ሬዲዮ ያህል ነበር፤ ይሰማዋል እንጂ አይገባውም።

ኋላ መዲና መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ የጎረቤት ስም። ሐኪሙ ዕድሜ ነው አለ፣ መድኃኒት ሰጠ፣ ብዙም አልረዳም። አንድ ክረምት ጠዋት ከመኝታዋ ተነስታ ቁርስ ስታቀርብ ሦስት ብርጭቆ ደረደረች።

«ሚነወርን ቀስቅሳት እስቲ» አለችው። «ይህች ልጅ ትምህርት ሊረፍድባት ነው።»

«ሚነወር እኮ ሞታለች» አለ ይማም፣ ዳቦውን እየቆረሰ።

የዋሸ አልነበረም። ለምን እንደሚዋሽም አልታየውም። መዲና ግን ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። በዚያ ሰፈር ዓመታት ሙሉ ያልተሰማ ጩኸት ጮኸች፤ ደረቷን መታች፣ መሬት ላይ ወደቀች፣ «መቼ? የት? ለምን ሳትነግሩኝ?» አለች። የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቁ፤ ሰው እንዲህ ሲሆን አይተው አያውቁም። ትንንሾቹ ሳቁ፣ ትልልቆቹ ፈሩ። ጎረቤቷ እትየ አረጋሽ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና ምን እንደሚባል ስለጠፋት «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ብቻ ትል ነበር።

በማግስቱም ያው ሆነ። መዲና የረሳችው ልጇን አልነበረም፤ የልጇን መሞት ነበር። በየጠዋቱ ልጅ አላት፣ በየጠዋቱ ያረዷታል። ይማም አንድ ሁለቴ ዝም ብሎ አየው፤ ዝም ሲል ደግሞ መዲና ልጇን ፍለጋ ነጠላዋን ጣል አድርጋ መንገድ ትወጣና ሰው ይነግራታል። በዓይኑ ፊት ሰውነቷ አለቀ።

ነገሩ ቅሬው ጆሮ ደረሰ። የቅሬው ዳኛ አቶ ጉግሳ ከሰዓት በኋላ መጣ። ረጅም፣ ጨዋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ይማም፣ በቃ እንጂ» አለ ተቀምጦ። «ዘጠኝ ዓመት ያዘች፤ ማን እንደሷ ያዘ? አሁን ግን ሐዘን ሳይሆን ቅጣት ሆኗል። ሐሙስ እናላቅቃት። ያንተ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚፈለገው።»

«ሚነወርን ታዲያ ማን ይይዛታል?»

«ማን ይይዛታል? ሁላችንም ተላቅቀናል። ትዘጋለች።»

መዘጋት የቅሬው ቃል ነው። ያዡ የሞተበት ወይም የተላቀቀበት ሟች ተዘጋ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ በዓመት አይጠራም፣ ንፍሮም አይቀቀልለትም። በሰፈሩ የተዘጉ ብዙ ናቸው። ይማም የኮምቦልቻን መንገድ እንዳሰበ ዓይነት አሰበና «እስከ ሐሙስ ልይበት» አለ። ለመፈረም የሚያስቸግር ነገር አላየም፤ ብቻ እጁ አልተዘረጋለትም።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ጉሙ ጣሪያ ላይ ተኝቶ ነበር። የግቢውን በር ሲከፍት አንድ ነገር አፍንጫውን መታው። ቤት ገባ። መዲና ምድጃው አጠገብ ቆማ በጀበና ሳይሆን በትልቁ ማንቆርቆሪያ ጦስኝ ታፈላለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፤ ሰፈሩ ጦስኝ እንደማይወድ የረሳች እሷ ብቻ ነበረች።

«ይኼን ነገር ድፊው!» ሊል አፉን ከፈተ።

በረንዳው ላይ ኮቴ ሰማ። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ለእግር የሰፋ ነጠላ ጫማ ሲሚንቶ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይማም ሳያስበው ዞሮ በሩን ከፈተ። ማንም የለም፤ ጉም ብቻ ነው። የረጠበ ሹራብ ሸተተው። ከኋላው ሰው ሳለ፣ ደረቅ የሲጋራ ሳል። ዞረ፤ ከመዲና በቀር ሰው የለም። ከዚያ ከሩቅ ፉጨት ሰማ፤ ሁለት አጫጭር፣ አንድ ረዥም፣ ሰው ከብት ሳይሆን ጓደኛ የሚጠራበት ዓይነት። እድሜውን በሙሉ በሐረጎ ገደል አፍ ላይ ሲመላለስ ያልፈራ ሰው በገዛ ቤቱ በር ላይ ፈራ።

«ምን ቆመህ ትቀራለህ?» አለች መዲና። «ግባ እንጂ።»

«ኮቴ ሰማሁ።»

«ሚነወር ናት፤ ያንተን ነጠላ ጫማ አድርጋ ስትንጠፋጠፍ ነው። ስንቴ ተቆጣኋት?»

«ሳልስ? አንድ ሰው ሳለ።»

መዲና ሳቀች። ከዙህር ሶላት በኋላ ጥቂት ሰዓት ያህል አእምሮዋ ይጠራል፤ ያን ሰዓት የሐኪሙም ወረቀት አያውቀውም፣ ይማም ግን ያውቀዋል። «ሳል የከማል ነው፤ የወንድምህ። ሲጋራውን እምቢ ብሎ አይደል የሞተው?»

ከማል። ይማም ስሙን ያውቀዋል፤ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ በሳንባ ሞተ፣ እሱም በጊዜው ተላቀቀ። ሳሉን ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

«የሚያፏጨውስ ማን ነው?»

መዲና ማማሰያውን ይዛ አሰበች። ግንባሯ ተኮማተረ። «እሱን አላውቀውም» አለች በመጨረሻ፣ እንዳዘነች ዓይነት። «የኛ ሰው አይደለም መሰለኝ።»

በበሩ ሲያይ የእትየ አረጋሽ በር ተከፍቷል። አረጋሽ ደፉ ላይ ቆማ ግራና ቀኝ ታያለች። ቀጥሎ ያለው ቤትም ተከፈተ። የጦስኙ ሽታ በጉሙ ውስጥ እየተሳበ ቁልቁል ይወርዳል፤ የደረሰበት ቤት በሩን ይከፍታል፤ ሰው ይወጣል፣ አንድ ነገር ይጠብቃል፣ የሚጠብቀውን አያውቅም። ከዚያ መስኮቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ።

አቶ ጉግሳ አፍንጫውን በጋቢው ይዞ ነው የመጣው። «ይማም፣ ምን ነካህ? ሰፈር አታውክ እንጂ! ድፉት ይኼን ነገር!»

«ጉግሳ፣ የሚያፏጭ ሰው ማን ነው? ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም።»

የአቶ ጉግሳ ጋቢ ከእጁ ወረደ። ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ዳኛ መምሰል ተወ። «አንተም ትሰማዋለህ?» አለ በሹክሹክታ። «እኔ ብቻ መስሎኝ… አሁን ስመጣ አረጋሽን ጠየቅኋት፣ እሷም ትሰማለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን የለም። ከተዘጉት አንዱ ነው። በጣም የምንወደው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ሲያፏጭ ስሰማው… መሄድ እፈልጋለሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም።» ጋቢውን አነሳና ደህና ሁኑ ሳይል ወጣ።

ይማም በሩ ላይ ቆመ። ያ ፉጨት ሰው ነበር። ስም ነበረው፣ እናት ነበረችው፣ ጠርቶ የሚመጣለት ጓደኛ ነበረው። አሁን ባለቤት የሌለው ድምፅ ሆኖ በሰፈሩ ይዞራል። ሐሙስ አውራ ጣቱን ካሳረፈ የነጠላ ጫማው ኮቴም እንዲሁ ይሆናል። ሰው ሁሉ በር ከፍቶ ያያል፤ ማን እንደሆነች የሚናገር አይኖርም። ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት። መዲናም አንድ ቀን ትሞታለች። አርባዋ ይደርሳል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ መዲና እንደ ሐረጎ ኩርባ ምልክት ትሆናለች።

ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደ። ማላቀቂያ ክፍሉን የምትይዘው ሲስተር ራቢያ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ከሚነወር ጋር አንድ ክፍል ተምራለች፣ እሷም ተላቅቃለች።

«ያን ጊዜ፣ በሚነወር አርባ፣ እዚህ ስንተኛ ምን ሰጣችሁን?» አላት።

ራቢያ ጎንበስ አለች። እንደሚመጣ ስትጠብቀው የኖረችው ጥያቄ ነበር። «እኛ የሰጠነው ነገር የለም፣ ጋሽ ይማም። መመሪያው ክፍሉ ሽታ እንዳይኖረው ይላል፤ ሽቶ የተቀባ ሰው እንኳን አይግባ ይላል። የቅሬው እናቶች ግን ፔርሙሳቸውን ይዘው መጡ። ‹ሐዘንተኛ እኮ ነው፣ አፉ ደርቆ ይተኛል እንዴ?› አሉን። ያን ጊዜ የነበሩት ሲስተር ምን ይበሉ? አንዷ አክስታቸው ነበረች። ከዚያም በኋላ በየአርባው እንዲሁ ቀጠለ። ወሎ እኮ ነው፤ እንግዳን ያለ ሻይ እንዴት ያስተኙታል?»

«ጦስኝ።»

«አዎ፣ ጦስኝ።»

ይማም ሹፌር ነው፤ የገባው እንደ ሹፌር ነው። «መንገድ ስትዘጉ መኪናው የሚቀር መሰላችሁ» አላት። «መኪና አይቀርም። ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያገኘው መንገድ ጦስኙ ሆነ።»

«ስናውቀው ሰፈሩ ራሱ ጦስኝ መጠጣት ትቶ ነበር። በራሱ ጊዜ ተፈታ ብለን ዝም አልን» አለች ራቢያ።

«ብጠጣው ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ። ግን መርጠው አይጠጡትም፤ ሁሉም ነው የሚመጣብዎ፣ ያውም ተደበላልቆ። የአንዱ ድምፅ ከሌላው ፊት ጋር። ይኼ የዚህ ነው ብሎ የሚለይልዎ ሰው ከሌለ ሊያብዱ ይችላሉ።»

«የምትለይልኝ አለች።»

«እሷ እስከ ሐሙስ ናት። ደግሞ መንጃ ፈቃድዎን ይመልሳሉ። ያልተላቀቀ ሹፌር ሐረጎ ላይ አይወጣም። በዚያ ላይ ያማል፣ ጋሽ ይማም። በጣም ያማል።»

«እኔ በሹፌርነቴ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም» አለ ይማም፤ ከወንበሩ ተነሳ። ለልጁ ብሎ ያደረገው አልነበረም፤ ለልጁ ምንም አይሰማውም ነበር። ለመዲና ብሎና ለሙያው ብሎ ነው ያደረገው።

መንጃ ፈቃዱን ያን ቀን መለሰ። ከዚያ ከዙህር በኋላ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፍኖ፣ ጦስኝ አፈላና መዲና ፊት ተቀመጠ። ጠጣ።

በአንድ ጊዜ መጡ። የአባቱ መዳፍ ሻካራነት፣ የሰው ሳቅ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የማያውቃት ሴት እንጉርጉሮ፣ የረጠበ ሹራብ፣ ሳል፣ ኮቴ። ኮቴው ከከማል ፊት ጋር መጣ፤ ከማል በልጅ እግር ይራመዳል። ይማም የወንበሩን እጀታ ይዞ ላቡ ተንቆረቆረ። «ንገሪኝ» አለ። «አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

መዲናም እንደ ምስር ለቀመችለት። «መዳፉ የአባትህ ነው፤ አናጢ አልነበሩ? ቤንዚን የከማል ነው፣ አሮጌ ሞተር ነበረው። እንጉርጉሮዋ እናትህ ናት፤ እንዴት እናትህን ታጣታለህ? ሹራቡ የሚነወር ነው። ሰማያዊ፣ የትምህርት ቤት። ዝናብ ካልደበደባት ቤት አትገባም ነበር።» እሱ እየደጋገመ ይቀበላታል፤ ሹራብ፣ ሚነወር፤ ኮቴ፣ ሚነወር። ስትሳሳት ራሷን ታርማለች፤ ስትደክም እጁን ትይዘዋለች። ፉጨቱም በመካከል ይመጣል። ስም አጥተውለት ያሳልፉታል።

ረቡዕ ዕለት መዲና ስለ ሳቋ ታወራ ነበር። ሚነወር ወሬ ሳትጨርስ ትስቃለች፤ ሌላው ምን እንዳሳቃት ሳያውቅ አብሯት ይስቃል። «አንተንማ መጫወቻ አድርጋህ ነበር» አለችው። «ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ በዚያ በአውቶቡሱ ድምፅ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ ‹ተሳፋሪዎች፣ ቀበቷችሁን እሰሩ፤ አባቴ ዛሬ ተቆጥቷል› ትልሃለች። አንተ ደግሞ ላለመሳቅ ጢምህን ትነክሳለህ።»

ይማም ፈገግ አለ፤ በየቀኑ መሪው ላይ ፈገግ እንደሚለው። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ድምፁ መጣ። ድምፁን ተከትሎ ፊቷ፣ አፍንጫዋን የያዘው እጇ፣ ጥፍሯ ላይ የተፈገፈገው ቀለም፣ ከእግሯ የሰፋው ነጠላ ጫማ፤ ሁሉም ተጠራርተው መጡና አንድ ልጅ ሆኑ። ልጁ ሆነች። ከዚያ ኩርባው መጣ።

እንዲህ ያለ ለቅሶ ከወንድ አይጠበቅም ይባል ይሆናል። ይማም ግን እንደ ሴት አለቀሰ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ስለ ምሳው እያሰበ ያለፈበትን ኩርባ ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰው። መዲና ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ «አብሽር» ትለው ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ሁለት ሐዘንተኛ ነበረ። በዚያ ሰፈር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«ያን ቀን ስትወጣ ነጠላ ጫማህን በረንዳው ላይ አውልቃው ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ሳላነሳው አርባዋ ደረሰ።»

ሐሙስ ሄዱ። አቶ ጉግሳ የመፈረሚያውን ሰሌዳ ይዞ በር ላይ ቆሟል። ይማም አውራ ጣቱን አሳረፈ። ጉግሳ «የምትዘጋው…» ብሎ ሊጀምር ሲል ይማም አቋረጠው።

«አትዘጋም። ያዥ አላት።»

ጉግሳ የቀላውን ዓይኑን፣ የወደቀውን ጉንጩን አየ። «አላህ ሶብሩን ይስጥህ» አለው። ክርስቲያኑ ጉግሳ ይህን ለሙስሊም ጎረቤቱ ሲል የሰፈሩ ሰው ከዘመናት በፊት የሚባባለውን ማለቱ ነበር፤ ለካ አልረሳውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮው፣ «ፉጨቱን ካገኘኸው ንገረኝ» አለው።

ክፍሉ አሁን ሽታ የለውም። መዲና አልጋው ላይ ስትወጣ ዙሪያዋን አየች። «እንግዳ ተጠርቶ ሻይ እንኳን የለም?» አለች። ራቢያ ፊቷን አዞረች። ሲጨርሱ የመዲና ግንባር ተዘርግቶ፣ ከንፈሯ ረግቦ፣ ፊቷ አርፎ ነበር። ያ ዕረፍት ይማምን አስደነገጠው። ያውቀዋል፤ ዘጠኝ ዓመት መስታወት ውስጥ ያየው የራሱ ፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ በቤቱ ጠዋት ጩኸት የለም። መዲና ሁለት ብርጭቆ ትደረድራለች፣ ትበላለች፣ ትወፍራለች። ይማም ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ መስኮቱን ዘግቶ ጦስኙን ያፈላል። ካልጠጣ ይለያዩበታል፤ ኮቴው ወደ ከማል፣ ሳቁ ወደ ማንም ይሄድበታል። ሲጠጣ ሁሉም ይመጣሉ፤ እሱ አንድ በአንድ መዲና እንዳስተማረችው ይለያቸዋል፤ ከዚያ ያለቅሳል። መሐረቡን የምታቀብለው መዲና ናት። ጠብቃ መልሳ ትቀበለዋለች።

አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ጦስኙን ቀድቶ አፉ ጋ ሲያደርስ ኮቴው ተሰማ። ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። ተነሳ፤ በሩን ከፈተ። ጉሙ እስከ ደፉ ደርሷል። ሽታው ከቤት አምልጦ ቁልቁል ወረደ፤ የእትየ አረጋሽ በር ተከፈተ፣ ከዚያ የጉግሳ፣ ከዚያ ሌላ። በየደፉ ሰው ቆመ። የሚጠብቀውን የሚያውቅ ይማም ብቻ ነበር።

«ዝጋው እንጂ፣ ብርዱ ገባ» አለች መዲና ከውስጥ።

«ትንሽ ቆዪ። ሰው እየመጣ ነው።»

«ማን?»

ስሟ ምላሱ ላይ ነበር። መዲና ምስሩን ሰፌዱ ላይ ይዛ፣ ባረፈ ፊቷ ቀና ብላ ታየዋለች። ይማም ስሙን ዋጠው።

«የሰፈር ልጅ ናት» አለ።

«ታዲያ ምን በር ላይ ታቆማታለህ?» አለች መዲና። «ነውር አይደለም እንዴ፣ በዚህ ብርድ! ግቢ በላት።»

ይማም ወደ ጉሙ ዞሮ ከበሩ ፈቀቅ አለ።

«ግቢ፣ ልጄ» አለ።